የማር ካርቶን ክረምት ላይ ለምን ይሰበራል? (የመለያ ወረቀትና የስጦታ ሣጥን ጥያቄም አለበት)

የዳሞት ማር (ፍኖተ ሰላም)፦

ጤና ይስጥልኝ። ማኅበራችን ማር አጣርቶ በባለ 1 ኪሎ የፕላስቲክ ዕቃ ያሽጋል። በአንድ ካርቶን 12 ዕቃ፣ 3 በ4 ተደርድሮ ይገባል። ካርቶኑ ባለ 3 ፕላይ (ባለ ሦስት ንብርብር) ነው፤ ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከነማሩ 13 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። መጋዘን ውስጥ እንደ ጡብ እያጠላለፍን 6 ደርበን እንከምረዋለን፤ ወደ አዲስ አበባ እስኪጫን አንድ ወር ያህል ይቆያል። በጋውን ችግር የለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን የታችኛው ረድፍ ጎኑ ያብጣል፣ ማዕዘኑ ይሰበራል፣ ክምሩም ያዘነብላል። ካርቶኑም ክብደቱም አከማመሩም ያው ነው። አቅራቢው «የወረቀቱን ግራም (የአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱን) እንጨምርላችሁ» ይላል። መፍትሔው እሱ ነው?

በዚያው ሁለት ነገር ልጨምር። ወረቀት ላይ አሳትመን በውሃ ሙጫ የምንለጥፈው መለያ ግራና ቀኝ ጠርዙ እየተነሣ አስቸግሮናል። ግማሽ ኪሎ ማር የሚይዝ የስጦታ ሣጥን ደግሞ በ300 ግራም አርት ካርድ ብናሠራ እጥፋቱ ላይ እየነጣ ተሰነጠቀ። ዱፕሌክስ (ጀርባው ግራጫ የሆነው ካርድ) ይሻላል ወይስ ሌላ?

ካርቶን ሠሪ (ባሕር ዳር)፦

ወንድምዓለም፣ ግራም በመጨረሻ የሚነሣ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ እርጥበቱንና አከማመሩን እንይ።

ወረቀት ከአየር እርጥበት ይወስዳል፣ ይሰጣልም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን ካርቶን ከክብደቱ 7 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል፤ አየሩ 90 ሲደርስ ይህ መጠን እጥፍ ገደማ ይሆናል። ውሃው ቃጫን ከቃጫ ያያያዘውን ትስስር ያላላዋል። ስለዚህ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ የሚመስል ካርቶን ጉልበቱ ግማሽ ሆኖ ይገኛል።

በእናንተው ካርቶን እናስላው። እ.ኤ.አ. በ1963 ማኪ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያወጡት ቀመር ዛሬም ይሠራበታል፦ የካርቶኑን ዙሪያ በግድግዳው ውፍረት አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ፣ ከዚያ በጠርዝ ጥንካሬው (የካርቶኑ ወረቀት በጠርዙ ቆሞ ሲጫን በሚችለው ኃይል) እና በ5.87 ማባዛት። ዙሪያችሁ 1.4 ሜትር ነው። የባለ 3 ፕላይ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር፣ የጠርዝ ጥንካሬው በሜትር 5,000 ኒውተን ቢሆን (መካከለኛ ጥራት ማለት ነው) ውጤቱ 2,200 ኒውተን፣ ማለትም 224 ኪሎ ገደማ ይመጣል። 6 ስትደረድሩ የታችኛው የሚሸከመው 5 ካርቶን፣ 67.5 ኪሎ ነው። 224 ከ67.5 ጋር ሲተያይ የተትረፈረፈ ይመስላል። እየቀነሳችሁ ስትሄዱ ግን ነገሩ ይገለጣል።

ካርቶን ጭነት ተሸክሞ ሲቆይ ይደክማል፤ በአንድ ወር ውስጥ 40 በመቶ ያህል ያጣል። 224 ወደ 134 ወረደ። እንደ ጡብ ማጠላለፍ ደግሞ ግማሽ ያህሉን ይበላል። የካርቶን ጉልበት ያለው ማዕዘኑ ላይ ነው፤ የጎኑ መካከል ሲጫኑት ወደ ውጭ ይለመጣል። ስታጠላልፉ የላይኛው ማዕዘን የታችኛው ጎን መካከል ላይ ያርፋል። 134 ወደ 67 ወረደ። ጭነታችሁ 67.5 ነው! በጋውንም የቆመው በቋፍ ነው ማለት ነው። ክረምት ገብቶ የመጋዘኑ አየር 90 በመቶ ሲደርስ ሌላ ግማሽ ይሄዳል፤ ከ33 ኪሎ በላይ የማይችል ካርቶን ላይ 67 ኪሎ ተጭኗል።

አሁን አከማመሩን ብቻ ቀይሩ፦ ማዕዘን በማዕዘን ላይ፣ ቀጥ ያለ ምሰሶ ይሁን። በክረምት 67 ኪሎ ይችላል። ለ6 ድርብ አሁንም አይበቃም፤ ለ4 ድርብ (40.5 ኪሎ) ግን ይበቃል። ወጪ የለውም፤ ከዚህ ጀምሩ። ቀጥ ያለ ክምር መረጋጋት ስለሚያንሰው የላይኛውን ረድፍ ብቻ አጠላልፉ፣ ወይም ዙሪያውን በፕላስቲክ ጠቅልሉ።

6 መደርደር ግድ ከሆነ ባለ 5 ፕላይ ያስፈልጋል። ውፍረቱ 6.7 ሚሊ ሜትር፣ የጠርዝ ጥንካሬው 9,000 ቢሆን 520 ኪሎ ይደርሳል፤ ወሩና ክረምቱ ተቀንሶለት 156 ይተርፋል። ከደጀን ወርዶ እስከ ጎሃ ጽዮን የሚወጣውን የአባይ በረሃ መንገድ ስታስቡ ይህ ትርፍ ቅንጦት አይደለም። መኪናው በዘለለ ቁጥር የታችኛው ካርቶን ላይ የሚያርፈው ጭነት ከቆመው ክብደት ይበልጣል።

ስታዝዙ «ስንት ግራም?» ከማለት «የጠርዝ ጥንካሬው ስንት ነው?» በሉ። ሁለት ካርቶኖች በግራም እኩል ሆነው በጉልበት ሊራራቁ ይችላሉ። ከጥድ መሰል ዛፍ የተሠራ ክራፍት ቃጫው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ደጋግሞ ከተፈጨ አሮጌ ወረቀት የሚሠራው ቃጫው አጭርና የደከመ ነው፤ ቡናማ ቀለም ስለሚገባበት በዓይን ክራፍት ይመስላል። ቀደድ አድርጋችሁ እዩት፦ የክራፍት ቅዳጅ ረጅም ጸጉር ያወጣል፣ የሌላው ጠርዝ አጭርና ዱቄታም ነው። የውሃ ጠብታ አኑሩበትና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ጥሩ ሙጫ የገባበት ጠብታውን ይዞ ይቆያል፣ ያልገባበት ይመጠዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ እዩ። ሞገዱ (በካርቶኑ መካከል ያለው የተሸበሸበ ወረቀት) ከላይ ወደ ታች ቆሞ መሄድ አለበት። ወረቀት ለመቆጠብ ተብሎ ሞገዱ ተጋድሞ የተቆረጠ ካርቶን ባለ 5 ፕላይም ቢሆን አይረባም።

የማተሚያ ቤት ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)፦

ካርቶኑ በደንብ ተመልሷል። እኔ ወደ መለያውና ወደ ሣጥኑ ልሂድ፤ የሁለቱም ሥር አንድ ነው፣ እኛ «ግሬን» የምንለው የቃጫው አቅጣጫ።

ወረቀት ማሽን ላይ ሲሠራ ቃጫዎቹ አብዛኛውን ወደ ማሽኑ ጉዞ አቅጣጫ ይተኛሉ። ቃጫ ሲርስ በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ የሚያብጠው በወርዱ ነው። ስለዚህ ወረቀት ሲርስ የሚሰፋው በግሬኑ አቋራጭ ነው። የእናንተ መለያ ግሬኑ ቆሞ ከሆነ፣ ሙጫው ጀርባውን ሲያረጥበው ጀርባው ወደ ጎን ይሰፋል፣ ፊቱ ግን ገና ደረቅ ነው። ያኔ ግራና ቀኙ ከዕቃው እየተላቀቀ ወደ ውጭ ይጠቀለላል። የነገራችሁን ምልክት ልክ ይኸው ነው። መለያውን ግሬኑ አግድም፣ ከዕቃው መቀመጫ ጋር ትይዩ ሆኖ እንዲቆረጥ እዘዙ። መጠቅለል የሚፈልገው ያኔ ከላይና ከታች ይሆናል፤ ክብ የሆነው ዕቃ ራሱ ይህን ይከላከለዋል። ወረቀቱ ከ70 እስከ 80 ግራም ይብቃው፤ 150 ግራም አርት ፔፐር ለመለያ «ያምራል» ተብሎ ይመረጣል እንጂ ግትር ስለሆነ በክብ ዕቃ ላይ ለመቀመጥ እምቢ ይላል። ሙጫውንም ሳሳ አድርጉ።

ይህ ሁሉ ግን ፕላስቲክ ውሃ የማይመጥ መሆኑን አይለውጠውም። የውሃ ሙጫ መድረቂያ የሚያገኘው በወረቀቱ በኩል ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ይዘገያል። ማር ጠርዙ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ወረቀቱ ይቆሽሻል። አቅም ከፈቀደ የፕላስቲክ ስቲከር ይሻላችኋል።

ሣጥኑ። አርት ካርድ በሁለቱም ፊት የካልሲየም ካርቦኔትና የሸክላ ልባስ ተቀብቶ ተጭኖ የለሰለሰ ነው። ለመጽሐፍ ሽፋንና ለጥሪ ካርድ ግሩም ነው፤ ሣጥን ግን የሚፈልገው ግትርነት ነው፣ ግትርነት ደግሞ ከክብደት ይልቅ ከውፍረት ይመጣል። በአንድ ዓይነት ወረቀት ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ 8 እጥፍ ይሆናል። 300 ግራም አርት ካርድ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ያው 300 ግራም ዱፕሌክስ 0.38 ገደማ፣ አይቮሪ ቦርድ ደግሞ 0.45 አካባቢ ይደርሳል። አይቮሪው መካከሉ ላይ ላላ ያለ ቀለል ያለ ቃጫ ስላለው ነው። ለግማሽ ኪሎ ማር ስጦታ እኔ አይቮሪ 300 ወይም 350 እመርጣለሁ፤ ዋጋ ካስቸገረ ዱፕሌክስ 350። የዱፕሌክስ ግራጫ ጀርባ ከአሮጌ ወረቀት የተሠራ ነው፤ የድሮ ቀለም ዘይት ሊቀርበት ስለሚችል የታሸገ ዕቃ ይግባበት እንጂ እሸት ማር ከነሰፈፉ በቀጥታ አይቀመጥበት። ለጋዜጣም ያው ነው።

ስንጥቁ ከሁለት ነገር አንዱ፣ ወይም ሁለቱም ነው። የማጠፊያ መስመሩ ክሪዚንግ ሳይደረግ (በምላጭ ተጭኖ ቦይ ሳይወጣለት) በእጅ ከታጠፈ ልባሱ ይሰነጠቃል። ክሪዚንግ ተደርጎም ቦዩ ከጠበበ ይቆርጠዋል። የቦዩ ወርድ የወረቀቱ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍና የምላጩ ውፍረት ድምር ይሁን። 0.45 ለሆነ አይቮሪ በ0.7 ምላጭ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። እጥፋቱም ጉብታው ወደ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ይታጠፍ።

መጽሐፍ የለመደ ሠራተኛ እዚህ ላይ ይሳሳታል። መጽሐፍ ግሬኑ ከጀርባው ጋር ትይዩ ይሆናል። ሣጥን ግን ግሬኑ የቆሙትን አራት ማዕዘኖች አቋርጦ ዙሪያውን ቢሄድ ነው ጎኑ የማያብጠው። እጥፋቱ ግሬኑን አቋርጦ ስለሚሄድም ነው ክሪዚንጉ ግዴታ የሚሆነው። አንጸባራቂ ላሚኔሽን ካሠራችሁ ደግሞ ሣጥኑን ሳታጥፉ ለሳምንታት አታቆዩት፤ በፕላስቲክ የተሸፈነው ፊት እርጥበት አይወስድም፣ ጀርባው ይወስዳልና ክረምት ላይ ወደ ፕላስቲኩ በኩል ይቆለመማል።

የዳሞት ማር፦

እግዜር ይስጥልኝ። የማጠላለፉ ነገር ዓይን ገላጭ ነው። ሞገዱን አየሁት፣ ደግነቱ ቆሞ ነው የሚሄደው። ሱቅ ላይ ግሬኑንና ግራሙን ሳንታለል የምናውቅበት ዘዴ አለ? መጋዘናችን ሲሚንቶ ወለል ነው፤ የቀርከሃ ርብራብ ልናነጥፍ አስበናል።

የማተሚያ ቤት ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)፦

ግራሙ ቀላል ነው። ኤ4 የአንድ ካሬ ሜትር 16ኛ ክፍል ነው፤ 16 ሉክ ኤ4 በሚዛን ላይ አኑር፣ ያነበብኸው ግራም የወረቀቱ ግራም ነው። 80 የሚባለው አንድ ደስጣ፣ 500 ሉክ፣ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። 2 ኪሎ ከ350 ካሳየህ 75 ግራም ነው የገዛኸው። ለትልቅ ሉክ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር አድርገህ 10 ቁራጭ ቁረጥ፣ በጋራ መዝን፣ ክብደቱን በ10 አባዛ። ሚዛኑ ግማሽ ግራም የሚለይ ይሁን።

ለግሬኑ ከአንዱ ሉክ አራት ማዕዘን ቁራጭ ቁረጥና አንድ ፊቱን አርጥበው። እንደ ቱቦ ይጠቀለላል፤ የቱቦው ርዝመት የሚሄድበት አቅጣጫ ግሬኑ ነው። ካርድ ሲሆን በሁለቱም አቅጣጫ ለመጥ አድርግ፣ በቀላሉ የሚለመጥበት እጥፋት ከግሬኑ ጋር ትይዩ ነው። ስትቀድደውም በግሬኑ በኩል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በአቋራጩ ይጠመማል።

ካርቶን ሠሪ (ባሕር ዳር)፦

ርብራቡ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀርከሃ ድቡልቡል ስለሆነ የካርቶኑን ታች በመስመር ይጎዳዋል፤ ማዕዘኑም በሁለት ቀርከሃ መካከል ባዶ ላይ ካረፈ ጉልበቱ ይሄዳል። ጠፍጣፋ የባሕር ዛፍ ጣውላ ይሻላል፣ ወይም ቀርከሃውን ከላይ በጣውላ ሸፍኑት። ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ካርቶኑም ከርብራቡ ጠርዝ አይውጣ። ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጉ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሌሊት ስለሚያልበው ከሥሩ ኮርኒስ ወይም ሸራ ይኑር።

አዲሱን ባለ 5 ፕላይ ካርቶን ከመቀበላችሁ በፊት አንዱን ባዶውን አሽጉና በላዩ ጣውላ አድርጋችሁ አንድ ኩንታል እህል አስቀምጡበት። በራሳችሁ መጋዘን፣ በዝናብ ወቅት፣ አንድ ሳምንት ይቆይ። ጎኑ ካበጠ ወይም ቁመቱ ከዘቀጠ መልሱት። ያልታጠፉትን ትርፍ ካርቶኖች ደግሞ አጋድማችሁ፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ አኑሩ፤ ግድግዳ ተደግፎ የከረመ ካርቶን ተቆልምሞ ስለሚጠብቃችሁ ሲታጠፍ ማዕዘኑ አይገጥምም።