ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ጀልባ በተሳቢ መውሰድና ጣና ላይ ማውረድ

የአዘዞው፦
ሰላም ለሁላችሁ። 5 ሜትር ርዝመት ያለው የፋይበር ጀልባ በባለ አንድ አክስል ተሳቢ ጭኜ በቆላ ድባ በኩል ጎርጎራ ልወስድ ነው። ጀልባው፣ ሞተሩና ተሳቢው አንድ ላይ 900 ኪሎ ገደማ ናቸው። የምጎትተው በፎር ዊል ፒክአፕ ነው። ፍጥነት ስጨምር ተሳቢው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ውኃ ዳር ስደርስስ ከምኑ ልጀምር?

ባለ ጋራዥ፦
ወንድሜ፣ መወዛወዙ ሳይስተካከል እንዳትነሣ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ክብደቱ ወደ ኋላ ማድላቱ ነው። ጋንቾው (የመኪናው መጎተቻ) ላይ የሚያርፈው የተሳቢው ጫፍ ከጠቅላላው ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶውን መጫን አለበት፤ ላንተ ከ63 እስከ 90 ኪሎ ማለት ነው። መንገድ ዳር ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ለዚህ ይበቃል። ተሳቢውን ደልዳላ ቦታ አቁመህ ጎማውን በታኮ ያዝ፤ ሚዛኑ ላይ ጣውላ ደርድረህ ጫፉን ልክ በጋንቾው ከፍታ አሳርፈው። ካነሰ ባትሪውንና የነዳጅ ጀሪካኑን ወደ ፊት አዙር፤ ካልበቃ ጀልባውን ራሱን ወደ ፊት ሳበው።

መንገድ ላይ ከተወዛወዘ ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ፍሬን በድንገት ከረገጥክ ተሳቢው መኪናውን ይገፋዋል። ከጎንደር ወደ አዘዞ ቁልቁለቱን ገና ከላይ በከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ጀምረው፤ ፍሬን ብቻ ይዘህ ከወረድክ ይግላል፣ መያዝም ያቅተዋል።

ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙትን ሁለት መጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከጫፉ ሥር አጠላልፈህ እሰራቸው። ተሳቢው ከጋንቾው ቢወጣ ጫፉ መሬት ሳይነካ እነሱ ላይ ያርፋል። መታጠፊያ ላይ እንዳይወጠሩ ላላ ይበሉ፣ መሬት ግን አይጎተቱ።

ከደንቢያ፦
እኔ ስለ ውኃ ዳሩ ልጨምር፤ ሰው የሚቸገረው እዚያ ነውና። የደንቢያ መሬት ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ነው። ከላይ ደርቆ የተሰነጠቀው ሥሩ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ጣና ከመስከረም እስከ ጥቅምት ሞልቶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ስለሚሸሽ፣ ባለፈው የወረድክበት ቦታ ዛሬ ረግረግ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በእግርህ ግባ፤ ተረከዝህ ከሰጠመ ጎማውም ይሰጥማል። ድንጋይ ወይም ጠጠር ያለበትን ፈልግ።

ዝግጅቱን ከውኃው ራቅ ብለህ ጨርስ። የጀልባው ታፖ (የውኃ ማፍሰሻው ውታፍ) መዘጋቱን እይ፤ ይህ ከተረሳ ጀልባው ወዲያው መሙላት ይጀምራል። የኋላውን ማሰሪያ ፍታ፣ ሞተሩን ወደ ላይ አንሣ፣ የመብራቱን ሶኬት ንቀል፣ አፍንጫው ላይ ረጅም ገመድ እሰር። ጀልባውን ከፊት የሚይዘውን የዊንቹን (የመጠምጠሚያውን) ቀበቶ ግን ውኃ እስክትገባ እንዳትፈታ፤ ጀልባው መሬት ላይ ሊንሸራተት ይችላል።

ወደ ኋላ ስትነዳ እጅህን መሪው ታች ላይ አድርግ፤ እጅህ ወደ ሄደበት ተሳቢውም ይሄዳል። ከታጠፈብህ ከመታገል ወደ ፊት ወጥተህ እንደገና ጀምር። የጀልባው ኋላ መንሳፈፍ ሲጀምር ቁም፤ የመኪናው የኋላ ጎማ ውኃ ውስጥ አይግባ። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርግ፣ ከዚያ ቀበቶውን ፈትተህ ግፋ። ገመዱን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው የግድ ነው፣ ከተሳቢው ጀርባ ግን ማንም አይቁም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ በጠዋት ሥራው።

የአዘዞው፦
የውኃው ዳር በጣም ለጥ ያለ ከሆነና መኪናው ውኃ ሳይነካ ጀልባው ካልተንሳፈፈስ?

ከደንቢያ፦
ተሳቢውን ከጋንቾው ፈትተህ በወፍራም ገመድ ከመኪናው ጋር አያይዘው፣ መኪናውን ደረቅ ላይ አቁመህ ተሳቢውን በቀስታ ልቀቅ። ከጎማው ሥር ሳንቃ አንጥፍ። ስትመልስ መኪናው ይስበዋል፤ ገመዱ ሲወጠር ከአቅጣጫው ዞር በሉ፣ ከተበጠሰ ይገርፋል።

ባለ ጋራዥ፦
የተሳቢው ጎማ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ አትርሳ። ጎርጎራ ስትደርስ የጎማውን መሐል ዳስስ፤ የሚያቃጥል ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃ ይስባል። ቤት ስትመለስ ክዳኑን ክፈት፤ ግራሶው እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል፣ ኩሽኔታውን አጥበህ በአዲስ ግራሶ ሙላው፣ ከኋላ ያለውን ማገጃ ጎማም ቀይር።

ከደንቢያ፦
ጀልባውን አውጥተህ ወደ ቤት ከመነሣትህ በፊት እዚያው ዳር ታፖውን ክፈትና ውኃውን አፍስስ። በሞተሩና በተሳቢው ላይ የተጠመጠመ እምቦጭ ካለ በእጅህ ልቀመው፤ ትንሽ ቁራጭ እንኳ ውኃ ካገኘች እንደገና ታድጋለች። የለቀምከውን ከውኃው አርቀህ ፀሐይ ላይ አድርቀው።