ጎርፍ ያፈናቀላቸው ሰዎች ትምህርት ቤት ሲጠለሉ የጤና ቡድኑ ምን ያስቀድም?

የወረዳ ጤና
ሰላም ለሁላችሁ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አጭር መመሪያ እያዘጋጀን ነው። 2,000 ያህል ተፈናቃይ አንድ ትምህርት ቤት ቢገባ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ምን ይቅደም? ረቂቁ መድኃኒት ማጓጓዝን አንደኛ ያደርጋል፤ እኔን አላሳመነኝም።

ውሃና ንጽሕና
ጥርጣሬህ ልክ ነው፣ ውሃ ይቀድማል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ሲታሰብ 30,000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ ሦስት ጊዜ መመላለስ አለበት። አንድ ቧንቧ ለ250 ሰው ስለሚታሰብ 8 ቧንቧ ያስፈልጋል። ሮቶው ከፍ ያለ መደብ ላይ ካልተቀመጠ ግፊት አይኖርም፣ ሰልፉም አይንቀሳቀስም።

ብዙ ስህተት የሚሠራው ክሎሪን ላይ ነው። ከ65–70 በመቶ ኃይል ያለውን የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም በ1 ሊትር ውሃ በጥብጥ፤ 1 በመቶ ብጥብጥ ይሆናል። በአራት ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖች 2፣ 4፣ 6 እና 8 ሚሊ ሊትር ጨምርና ከ30 ደቂቃ በኋላ ቀሪ ክሎሪኑን ለካ። በሊትር 0.2–0.5 ሚሊ ግራም ያሳየውን ምረጥ። ባለ 4ቱ ከሆነ ለቦቴው 2 ሊትር ብጥብጥ ይበቃል። ውሃው ከሌላ ቦታ በተቀዳ ቁጥር ልኬቱ ይደገም።

ድፍርስ ውሃ ላይ ግን ጭቃው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፤ መጀመሪያ በአልም ይጥለል። ለየቤተሰቡ የምታድሉ ከሆነ ለድፍርሱ «ቢሻን ጋሪ» (የሚያጠልና ጀርም የሚገድል ዱቄት)፣ ለጠራው ደግሞ «ውሃ አጋር» የተባለውን ፈሳሽ ክሎሪን ስጡ። አጠቃቀሙን ሳያሳዩ ማደል ዕቃ ማባከን ነው።

ክትባት አስተባባሪ
ሽንት ቤቱ ተረሳ። ለጊዜው ለ50 ሰው አንድ፣ ማለትም 40 መቀመጫ፤ ከውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከመኝታ ግን ከ50 ሜትር አይበልጥ። የሴቶቹ ለብቻው ሆኖ ከውስጥ ይቆለፍ፤ መብራት ከሌለው ሌሊት ማንም አይሄድበትም።

የኩፍኝ ክትባት ደግሞ የታመመ እስኪገኝ አይጠበቅም። ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ያለው ሁሉ፣ ካርድ ኖረውም አልኖረውም፣ ይከተብ። ከ9 ወር በፊት የተሰጠው መጠን ከመደበኛው አይቆጠርም፤ ካርዱ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ሕፃኑ «ተከትቧል» ተብሎ ይታለፋል።

ቅኝት
መድኃኒቱ ጭራሽ አይቅር። ምዝገባው ላይ የኤችአይቪ፣ የቲቢና የስኳር መድኃኒት ያቋረጠ ካለ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። መዝገቡ ላይ በየቀኑ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት)፣ ትኩሳት ከሽፍታ ጋር እና ሞት ለየብቻ ይጻፍ። ኮሌራ የተጠረጠረ አንድ ሰው እንኳ ቢሆን ሳምንታዊ ሪፖርት አይጠብቅም። ከ10,000 ሰው በቀን 1 ሞት የአደጋ ጊዜ ምልክት ነው፤ ለ2,000 ሰው ሲሰላ በ5 ቀን 1 ሞት ማለት ነው። የሰው ቆጠራው ከተሳሳተ ይህም ስሌት አይሠራም፤ የእርዳታ ስንዴ ዝርዝርን እንዳለ አትውሰዱ።

የወረዳ ጤና
ቦቴው በቀን አንዴ ብቻ ቢመጣስ?

ውሃና ንጽሕና
ለሰው 5 ሊትር ይደርሳል፤ ከዝቅተኛው መጠን ከ7.5 ሊትር በታች ስለሆነ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አያስኬድም። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ብቻ ይሁን፤ ለተቅማጥ ሕሙማንና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነው ተቀንሶ አስቀድሞ ይቀመጥ። ለልብስ ማጠቢያ በአልም የጠለለ የወንዝ ውሃ በሌላ ቀለም ሮቶ አቅርቡ፤ የመጠጥ አለመሆኑም ይጻፍበት።