ጥቆማ፦ ሐረጎን ለምትወጣና ለምትወርድ መኪና

ወንድሜ፣ አሮጌ ቪትስ ገዝተህ «የትኛው ጋራዥ ልውሰዳት፣ እኔስ ቤት ውስጥ ምን ልሥራላት?» ብለህ ለጠየቅኸው መልሱ በሁለት መስመር አያልቅምና ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራች ኮሮላ አለችኝ፤ በሳምንት ስድስት ቀን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ወርጄ እወጣለሁ።

አስቀድሜ የምለምንህ አንድ ነገር አለ። ለቴፕ፣ ለወንበር ልብስና ለቸርኬ ከማውጣትህ በፊት ለራዲያተር ክዳንና ለፍሬን ዘይት አውጣ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፤ ማታ ያንኑ መልሰህ ትወጣለህ።

ከክዳኑ ልጀምር። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ደሴ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። የብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታት (የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) የሚከፈተው በ82 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቆመ የሚተርፍህ አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ደህና ክዳን ግን ውሃውን አፍኖ ስለሚይዘው ከ110 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል።

እኔ ይህን ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ነው። ዳገቱን ሳጋምስ የሙቀት መለኪያው መርፌ ተነሣ፤ ዳር ይዤ ቆምሁ። የወሰድኋት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ምንም ሳይለካ «ቴስታታው መውረድ አለበት» አለኝ፤ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ይፈታ ማለቱ ነው። ልቤ አልተቀበለውም። ቤቴ አሳድሬ ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ አየኋት። የቴስታታ ችግር ምልክቶችን ፈለግሁ፦ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ የለም። ሞተሩን ሳስነሣ ራዲያተሩ ውስጥ ምንም አይንተከተክም፤ ከማርሚታውም ነጭ ጭስ አይወጣም። ይልቁንም የትርፍ ውሃ መያዣው ፕላስቲክ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ራዲያተሩ ራሱ ግማሽ ሊትር ያህል ጎድሎ አገኘሁት። ሲሞቅ የወጣው ውሃ ሲበርድ አልተመለሰም ማለት ነው። ክዳኑን ገልብጬ የሥሩን ጎማ በጥፍሬ ስጫነው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጠቀ። ክዳኑን ብቻ ቀየርሁ፤ ከዚያ ወዲህ መርፌው ከመሀል አልፎ አያውቅም።

ክዳን ስትገዛ በላዩ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ከመኪናህ መመሪያ ጋር አመሳክር። 0.9 የሚፈልገውን በ1.1 መተካት አሮጌ ራዲያተርና ቱቦ ላይ ጫና መጨመር ነው። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ደግሞ ፈጽሞ አትክፈተው፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ይልጣል። ከቧንቧ ውሃና ከኩላንት (ለራዲያተር ተብሎ ከሚሸጠው ፈሳሽ) ምረጥ ካልኸኝ ኩላንት እልሃለሁ። የእኛ አገር ብርድ ራዲያተር የሚያፈነዳ አይደለም፤ ኩላንት የሚጠቅመን ዝገትን በመከላከሉና መፍያውን ጥቂት ከፍ በማድረጉ ነው። ሳይበጠበጥ የሚሸጠውን ወፍራሙን ገዝቶ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል መደባለቅ፣ ተበጥብጦ ከሚሸጠው ይልቅ ለእኔ አዋጥቶኛል።

ወደ ፍሬን እንለፍ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ሲገባበት መፍያው ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠገበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠገበው 155 ነው። ለዚህ ቁልቁለት ዶት 4 ግዛ፤ መኪናህ ዶት 3 የምትጠቀም ብትሆንም ይስማማታል። በየሁለት ዓመቱ ቀይረው። ጣሳው ከሱቅ ሲወጣ የታሸገ ይሁን፤ ተከፍቶ በጠርሙስ የሚቀዳ ርካሽ ዘይት አትቀበል። የተረፈህንም ለከርሞ አታስቀምጥ። ስትወርድ በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬኑ ላይ እግርህን ጭነህ ሐረጎን መጨረስ ምርጡን ዘይትም ያፈላዋል።

ዘይቱን ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል፤ አንድ ሰው ፔዳሉን እየረገጠ፣ አንተ ከፍሬን ዘይት መያዣው ከሚርቀው ጎማ ጀምረህ አየሩን እያስወጣህ። ችግሩ ቦታው ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ግቢ ሜዳ ከየት ይመጣል? የእኔ ግቢ ዘንበል ያለ ስለሆነ እዚያ መኪና በክሪክ አላነሣም፤ ኮምቦልቻ ወንድሜ ቤት ወስጄ ነው የምሠራው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግባ። እኔ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ በሁለቱም ጎን ደግፌ፣ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ አግጄ፣ መኪናዋን በእጄ ነቅንቄ ካልተነቃነቀች ብቻ ነው የምተኛው። የፍሬን ሸራና ሲሊንደር ግን ለመካኒክ ስጥ፤ እኔም እሰጣለሁ።

ጋራዥን በተመለከተ፣ በእኔ ልምድ ኮምቦልቻ ወደ ባቲና ሚሌ የሚሄደው የከባድ መኪና መንገድ መገንጠያ ስለሆነች ለብየዳ፣ ለባሊስትራና ለጎማ ሥራ እጃቸው የፈጠነ ባለሙያዎች አሉባት። ለትንሽ ቶዮታ ሞተርና ለኤሌክትሪክ ግን ደሴ ይሻለኛል፤ መለዋወጫውን ከሱቅ ሱቅ እየዞርሁ ለማነጻጸርም ይቀለኛል። ጋራዥ ስትመርጥ በሩ ላይ በቆሙት መኪናዎች ብዛት አትሳብ። መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት ይለካል? የቀየረውን አሮጌ ዕቃ በእጅህ ይሰጥሃል? እነዚህን ሁለቱን የሚያደርግ ዋጋው ከሌላው ትንሽ ቢበልጥም ወደ እሱ ሂድ።

ለራስህ አንድ መሣሪያ ብቻ ግዛ ብባል ርካሹን ዲጂታል መልቲሜትር እልሃለሁ። መኪናዋ ካደረች በኋላ ባትሪው 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህል ቀርቶታል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ጥፋቱ ከባትሪው ሳይሆን ከዲናሞው፣ ከቺንጊያው ወይም ከላላ ገመድ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው እምቢ ሲለው አዲስ ባትሪ ሊገዛ ብሩን ቆጥሮ ነበር። ለካንለት፤ ዲናሞው በደንብ ይሞላል፤ የባትሪው አሉታዊ ጫፍ ላይ ግን አረንጓዴ ዝቃጭ ተጋግሯል። በሙቅ ውሃና በሶዳ አጥበን፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተን አጠበቅነው። ባትሪው አሁንም ያ ነው።

በስልክ የሚነበበውን ትንሽ የብልሽት ኮድ ማንበቢያም ጠይቀሃል። ከመግዛትህ በፊት የጓደኛ ተውሰህ በራስህ መኪና ላይ ሞክረው፤ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት አሮጌ ቪትሶች አንዳንዶቹ ከዚህ መሣሪያ ጋር አይግባቡም። እንደ እኔ ያለው የድሮ ኮሮላ ኮፈን ሥር ካለው የመመርመሪያ ሣጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲከፍት፣ የሞተሩ መብራት እየበራ እየጠፋ ኮዱን ይቆጥርለታል፤ 22 ከቆጠረ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ወይም ገመዱን ነው የሚጠቁመው። ቁልፉን ከመክፈትህ በፊት የቀዳዳዎቹን ስም በሣጥኑ ክዳን ላይ አንብብ፤ በስሕተት ሌላ ቀዳዳ መንካት ዕቃ ያቃጥላል።

ከኮምቦልቻ አንድ አባት ደግሞ ስለ ጭጋግ መብራት ጠይቀውኛል። ጋሼ፣ ሐረጎ ላይ በክረምት ለሚያመሽ ሰው ከጌጥ የማይቆጠር ነገር ጠይቀዋል። የፊት አምፖሉን አውጥተው ነጭ ኤልኢዲ እንዲከቱ የሚመክርዎትን አይስሙ፤ ለሃሎጂን በተሠራ መብራት ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ይበተናል፤ ጭጋጉ መልሶ ወደ ዓይንዎ ይወረውረዋል፤ ከፊት የሚመጣውንም ሹፌር ያሳውራል። ይልቅ ዝቅ ብለው የሚገጠሙ ሁለት የጭጋግ መብራቶች ይግዙ። እያንዳንዳቸው 55 ዋት ከሆኑ ሁለቱ በአንድ ላይ ከ9 አምፔር በላይ ይስባሉ፤ ስለዚህ በቀጥታ ከማብሪያው ማያያዝ ገመድ ያቀልጣል። ሪሌ (በማብሪያው ትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ) ያስፈልጋል፤ ከባትሪው የሚመጣው ገመድ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ ባትሪው አጠገብ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ልጅዎ ከገጠመው በኋላ ሞተሩን አስነሥተው ሃያ ደቂቃ ያብሩትና ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅዎ ይዳስሱት። የሞቀ ቦታ ካገኙ፣ እዚያ ያለው መጋጠሚያ ላልቷል ወይም ገመዱ ቀጥኗል፤ ያንን ሳያስተካክሉ መንገድ አይውጡ።