ዲቪዲ በርን አደረግኩ፣ ሰርቨሩ ግን አይነሳም

ሞጣ_ላብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሞጣ ያለሁ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተወገደ ኤችፒ ፕሮሊያንት ዲኤል380 ጂ6 የሚባል ሰርቨር ለትምህርት ቤታችን ተሰጠን። ሲበራ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ስለሚጮህ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ነው የሚያዩት። ሐሳቤ ኡቡንቱ ሰርቨር 22.04 የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጭኜ፣ ኪዊክስ የሚባለውን ፕሮግራም አስገብቼበት፣ ልጆቹ ያለ ኢንተርኔት ዊኪፒዲያ እንዲያነቡ ነው።

የኡቡንቱ መጫኛ ፋይሉ ወደ 2 ጊጋ ነው፣ ለማውረድ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ሲዲ አመጣሁ፤ 700 ሜጋ ብቻ ስለሚይዝ አልበቃም። ከዚያ ዲቪዲ ላይ በርን አደረግኩት፣ ማለትም ጻፍኩት። ሰርቨሩ ግን «ሲስተም የሌለበት ዲስክ ነው፣ ቀይረህ ቁልፍ ተጫን» እያለ ይቆማል። ሦስት ዲቪዲ አበላሸሁ። ባዶ ዲቪዲ የሚሸጥ የማውቀው አንድ ሱቅ ነው፣ ባለሱቁም ሲያየኝ መሳቅ ጀምሯል። ላፕቶፔ ላይ ግን ዲቪዲው ይከፈታል፣ ፋይሉም ይታያል። ምን ሆኖ ነው?

ጮቄ፦
ዲቪዲውን ስትከፍተው የሚታይህ በአይኤስኦ የሚያልቅ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፣ ወይስ ቡት፣ ካስፐር፣ ፑል የሚሉ ፎልደሮች?

ሞጣ_ላብ፦
አንድ ፋይል ነው። ጎትቼ ነው ያስገባሁት።

ጮቄ፦
በቃ ተገኘ። ጤፉን ከነጆንያው ምጣድ ላይ አስቀምጠህ እንጀራ እየጠበቅህ ነው! አይኤስኦ ማለት የሙሉ ዲስክ ቅጂ ነው፤ ዲስኩ ላይ ተዘርግቶ መጻፍ አለበት እንጂ እንደ ፎቶና እንደ ዘፈን ኮፒ አይደረግም። ዊንዶውስ 10 ካለህ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግህም። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ «በርን ዲስክ ኢሜጅ» የሚለውን ምረጥ፣ ሲጨርስ ዲስኩን እንዲያረጋግጥ ሳጥኗን ምልክት አድርግባት።

ከዚያ በፊት ግን ፋይሉ ራሱ ደህና መሆኑን እይ። ሁለት ሌሊት እየተቆራረጠ የወረደ ነገር አይታመንም። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተህ ሰርትዩቲል በሚለው ትእዛዝ የኤስኤችኤ256 ቁጥሩን፣ ማለትም የፋይሉን የጣት አሻራ፣ አውጣ፤ 64 ፊደልና አኃዝ ነው። ኡቡንቱ ገጽ ላይ ካለው ጋር አንዲት ፊደል ከተለየ እንደገና ማውረድ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

የጣና_ዳሩ፦
በዲቪዲ ምን አደከመህ፣ ፍላሽ ላይ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ሥራው። ደግሞ ዊንዶውስ ሰርቨር ብትጭን አይሻልህም? በማውዝ ሁሉም ያልቃል።

ጮቄ፦
ፍላሹ ጥሩ ሐሳብ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨሩ ግን የሙከራው ጊዜ 180 ቀን ነው፤ ከዚያ ፈቃድ ግዛ ይልሃል፣ ወይም እንደለመድነው ክራክ ፍለጋ ትገባለህ። የልጆች ሰርቨር ላይ ክራክ አልመክርም።

በፍላሽ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በል፦ ጂ6 ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን የማስነሻ ዘዴ አያውቅም፣ የድሮው ባዮስ ነው። ስለዚህ ሩፈስ ላይ የዲስኩን አከፋፈል ሲጠይቅህ ጂፒቲ ሳይሆን ኤምቢአር ምረጥ። በአይኤስኦ ወይስ በዲዲ ልጻፍ ብሎ ሲጠይቅህ አይኤስኦ በለው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የልጆቹ የፈተና ውጤት እዚያ ላይ እንዳይኖር። ሰርቨሩ ሲነሳ ኤፍ11 ተጫንና ከየት እንደሚነሳ ምረጥለት።

ሞጣ_ላብ፦
አያ ጮቄ፣ እድሜ ይስጥህ! ቁጥሩን ሳወጣ ጭራሽ አልገጠመም፤ ሌላ ሌሊት አድሬ እንደገና አወረድኩት። በፍላሽ ነው የሠራሁት፣ መጫኛው ተነሳ። ግን ሌላ ጣጣ መጣ፦ ዲስክ ምረጥ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ሁለት 146 ጊጋ ዲስክ ፊት ለፊቴ መብራታቸው እየበራ መጫኛው ምንም አያይም።

ጮቄ፦
ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ፒ410አይ የሚባለው የሬይድ ካርድ፣ ማለትም ዲስኮችን የሚያጣምረው ካርድ፣ ነው። ዲስኮቹን አጣምረህ ሎጂካል ድራይቭ ካልሠራህለት ለማንም አያሳያቸውም። የድሮው ባለቤት አጥፍቶት ይሆናል። አስነሳው፣ የካርዱ ጽሑፍ ሲመጣ ቶሎ ብለህ ኤፍ8 ተጫን፣ ሁለቱን ዲስክ በሬይድ 1 አጣምራቸው፤ አንዱ የሌላው ቅጂ ይሆናል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይይዝልሃል። የምትጠቀምበት 146 ብቻ ነው የሚሆነው፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ በላይ ስለሆነ ጠበብ ይልሃል እንጂ ይበቃል። የአማርኛው ትንሽ ናት።

ሞጣ_ላብ፦
ኤፍ8ን ሁለቴ አመለጠኝ፣ በሦስተኛው ያዝኩት። ዲስኩ ታየ። መጫኑ መሀል ላይ እያለ መብራት ጠፋና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ዛሬ ጠዋት ግን አለቀ። የአማርኛውን ዊኪፒዲያ አስገብቼ በሁለት ስልክ ሞከርኩት፣ ይከፈታል። የእንግሊዝኛውን በሃርድ ዲስክ የሚያመጣልኝ ሰው ባሕር ዳር እየፈለግኩ ነው።

ርእሰ መምህሩም አሁን ገብተው ይቀመጣሉ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ።