ልብ ወለድ ይገዛ ወይስ ይቅር? የቱሉ ዲምቱ ንባብ ክፍል ክርክር

አወያይ፦ ለቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የንባብ ክፍል መጻሕፍት ሊገዙ ነው። አንድ ሐሳብ ቀርቧል፦ «ገንዘቡ በሙሉ ለሳይኮሎጂና ለታሪክ ይዋል። ልብ ወለድ መዝናኛ ነው፤ የሰው አስተሳሰብ አይለውጥም።» የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያት ይዛችሁ ኑ። ስድብ ይሰረዛል።

ብሎክ 12፦ ሐሳቡ የእኔ ነው። ሰው ልብ ወለድ የሚመርጠው በጣዕሙ ነው። ፍቅር የሚወድ የፍቅር፣ ሴራ የሚወድ የስለላ መጽሐፍ ያነሳል፤ ቀድሞ ያሰበውን እዚያ አግኝቶ ይመለሳል። ሳይኮሎጂ ቢያንስ «ከነገ ጀምረህ ይህን አድርግ» ይላል።

መምህሯ፦ ወንድሜ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የት ልታደርገው ነው? ባላባትና ገባር እንዴት ይኖሩ እንደነበር ብዙ ሰው የሚያውቀው ከሐዲስ ዓለማየሁ ነው። የመሬትን ጥያቄ ሰው ልብ ውስጥ ያስገባው ያ መጽሐፍ ነው።

ብሎክ 12፦ ዓመቱን እንይ እንጂ መምህር። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት የካቲት 1957 ነው፤ መጽሐፉ የታተመው በ1958። ጥያቄው ቀድሞታል።

መምህሯ፦ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀድሞታል። ለቀረው ሕዝብስ? ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረውም ሰምቶታል። መፈክር መሬቱ ለማን እንደሚገባ ይነግርሃል። የፊታውራሪ መሸሻና የባላገሮቹ ጠብ ግን ባላባቱ ራሱ በክብርና በልማድ ተተብትቦ እንዴት እንደሚያስብ ያሳይሃል። ይህን የትኛው ምክር ሰጪ መጽሐፍ ይሰጥሃል?

ሰነድ ፈታሽ፦ ዓመት ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ሁሌ 8 የሚደምር ሰው በኅዳር የሆነውን በአንድ ዓመት ያሳስታል፤ «ማን ቀደመ» በሚል ክርክር ደግሞ አንድ ዓመት ፍርዱን ይገለብጠዋል። ታሪክ ስትገዙም ስለ አንድ ዘመን ሁለት የሚቃረኑ መጻሕፍት ግዙ። የ1966ቱን አብዮት በአንድ ወገን ትዝታ ብቻ ያነበበ ሰው የያዘው የዚያን ወገን ቂም ነው። አነባበቡ ቀላል ነው፦ ደብተሩን ለሁለት አስምሩ፤ በግራ ጸሐፊው ያለውን፣ በቀኝ እንዴት እንዳወቀው ጻፉ። አየ? ሰማ? ሰነድ አለው? ቀኙ ባዶ የሆነበትን መስመር ከሌላው መጽሐፍ ጋር አስተያዩ።

መጽሐፍ ሻጭ፦ ሳይኮሎጂ ይገዛ የምትሉ፣ የምትገዙትን ታውቃላችሁ? ብዙው ተቆርጦ የተተረጎመ ነው። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ የመጀመሪያው መጽሐፍ ርዕስ፣ ደራሲና ዓመት ከሌለ ተዉት። ካለ የምዕራፎቹን ብዛት ከዋናው ማውጫ ጋር አመሳክሩ። 18 ምዕራፍ በአማርኛ 9 ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ማስረጃው ነው፤ ትእዛዙ ብቻ ይተርፋል። ሌላው ጣጣ ጥራዝ ነው። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በ16 ገጽ እጥፍ ስለሚሰበሰብ፣ ከገጽ 48 ወደ 65 የሚዘል ወይም 33ን ሁለቴ የሚያመጣ ቅጂ ያጋጥማል። የገጽ ቁጥሩን ሳታገላብጡ አትክፈሉ። በሙጫ ብቻ የተጣበቀው ደግሞ ብዙ እጅ ሲነካው ይረግፋል፤ ለንባብ ክፍል በክር የተሰፋ ፈልጉ።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ ስለ ዋናው ጥያቄ፦ በፈረንጆች 2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የሥነ ጽሑፍ ደረጃ ያለውን ልብ ወለድ ቀንጭቦ ማንበብ የሌላውን ሰው ስሜት ለመረዳት ወዲያው ይረዳል ብሎ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ2016 ሌሎች ደግመው ሲሞክሩት ያ ውጤት አልመጣም። ስለዚህ «አንድ ጊዜ አንብቦ ተለወጠ» የሚለውን አልቀበልም። «ልብ ወለድ ምንም አይሠራም» የሚለውም ከዚህ አይወጣም፤ ጥናቱ የለካው የአንድ ቁጭታ ንባብን ነው።

መለካት ለሚፈልግ መንገድ አለ። መጽሐፉን ሳይከፍት አንድ ጥያቄ ይምረጥ፤ ለምሳሌ «ልጅ በወላጁ ምርጫ ያግባ?»። መልሱን ከነምክንያቱ በሦስት መስመር ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ ያስቀምጥ። አንብቦ በጨረሰ በሁለት ሳምንቱ የፊተኛውን ሳያይ እንደገና ይጻፍ፤ ከዚያ ያስተያይ። ያው መልስ ሆኖ ምክንያቱ ከጠነከረ መጽሐፉ ሠርቷል። የመጣለት ጥቅስ ብቻ ከሆነ ሸምድዷል። ወዲያው በማግስቱ መጻፍ አይጠቅምም፤ የደራሲው ቃል ገና አፍ ላይ ነው። ገጹን ሁሉ የሚያሰምር ሰውም ምንም አልመረጠም፤ በምዕራፍ ሁለት ቦታ ይበቃል፣ እሱም በእርሳስ፣ በራሱ መጽሐፍ ላይ እንጂ በንባብ ክፍሉ አይደለም!

ብሎክ 12፦ ይሁን፤ ግማሹ ገንዘብ ለልብ ወለድ ይመደብና ይህ ሙከራ በሁለቱም ዓይነት መጽሐፍ ይደረግ። ሳይኮሎጂው እንደሚበልጥ አሁንም አልጠራጠርም።

መምህሯ፦ ተስማምቻለሁ። ግን ጥያቄዎቹን አንተ ብቻህን አታወጣም።