ድርቅ ለገደለው ከብት መንግሥት ካሳ ይከፍላል እንዴ?

የያቤሎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ከብት የሚያውቅ ካለ ልጠይቅ። አጎቴ ቦረና ነው ያለው። ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ድርቅ አምስት ወቅት ተከታትሎ ዝናብ ሲቀር ከብቶቹ አለቁበት። ያኔ "የሞተባችሁን አስመዝግቡ" ተብሎ ቀበሌ ሄዶ አስመዘገበ፣ የደረሰው ግን ስንዴና ዘይት፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ድርቆሽ ነው። አሁን "ኢንሹራንስ የነበራቸው ተከፍሏቸዋል" ሲሉ ሰምቶ ጠይቅልኝ አለኝ። አሜሪካ መንግሥት ለሞተ ላም ይከፍላል ይባላል፣ እኛ ጋስ?

ድርቆሽ፦
ወንድሜ ቁርጡን ልንገርህ፣ በሞተ ከብት ልክ ብር የሚሰጥ ቋሚ አሠራር እኛ ጋ የለም። ምዝገባው ለጉዳት ሪፖርትና ለእርዳታ ድልድል ነው። ሴፍቲኔትም ቢሆን የሚያየው ቤተሰቡ የሚበላው አለው ወይ የሚለውን ነው እንጂ ስንት ላም ሞተብህ ብሎ ካሳ አይቆርጥም።
ኢንሹራንሱ እውነት ነው። ቦረና ላይ በ2004 ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ጀመረው። ግን ሬሳ አይቆጥርም! ሳተላይት የአካባቢውን ግጦሽ አረንጓዴነት ይለካል፣ ከተለመደው በጣም ከወረደ እዚያ ለገዙት ሁሉ ይከፈላል፣ ላሙ ሞተም ቆመም። ዝናቡ ሳይገባ በፊት ካልተገዛ ግን የለም። ስለዚህ ላለፈው ድርቅ አጎትህ ምንም አያገኝም፣ ይቅርታ።

ኮሎራዶ፦
እኔ እዚህ አሜሪካ ከብት አርቢ ጋ ነው የምሠራው። ለሞተ ከብት የሚከፈለው አለ፣ የአማካይ ገበያ ዋጋውን 75 በመቶ፣ ያውም በማስረጃ። ግን የበረዶ ማዕበል፣ ጎርፍ ምናምን ለገደለው ነው። ድርቅ ለብቻው እዚያ ውስጥ አይገባም! ለድርቅ ሌላ ፕሮግራም አለ፣ እሱም የሚከፍለው ለጠፋው ግጦሽ ነው፤ የድርቅ ካርታ ላይ ካውንቲህ (እንደኛ ወረዳ በለው) ለተወሰነ ጊዜ ከቀላ ይከፈልሃል። ከኢንሹራንሱ ልዩነቱ አርቢው ፕሪሚየም፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ አይከፍልም። ለእኔ ትክክሉ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ብሩ መምጣት ያለበት ሳሩ ሲጠፋ ነው እንጂ ላሟ ወድቃ ጅብ ከበላት በኋላ ምን ይሠራል? ያኔ መኖ ቢገዛበት ግማሹ መንጋ ይተርፍ ነበር።

ጫት አልቅምም፦
ሳተላይቱን በጣም አታወድሱት። ቦረና ላይ ቁጥቋጦ ግጦሹን ወርሮታል። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፣ ላም ግን አትበላውም። "ሳራችሁ ደህና ነው" ተብሎ ሳይከፈለው ከብቱ ያለቀበት ሰው አውቃለሁ፣ ሁለተኛ አልገዛም ብሏል፣ እውነቱን ነው። ለእኔ ቡሳ ጎኖፋ ይሻላል፣ ጎሳው ተሰብስቦ ከብት ላለቀበት ጊደር ይሰጣል። ክልሉም በዚሁ ስም ተቋም አቁሟል፣ አጎትህ እዚያ ይጠይቅ።

ድርቆሽ፦
ቡሳ ጎኖፋ ጥሩ ነው፣ ግን ድርቁ ሁሉንም ሲመታ ማን ለማን ይሰጣል? በ2015 ሰጪውም ባዶ እጁን ነበር እኮ።

የያቤሎ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ያሉትን ጥቂት ጊደሮች ኢንሹራንስ ቢያስገባ መቼ ነው የሚሸጠው?

ድርቆሽ፦
ከሁለቱ ዝናብ በፊት፣ ብዙ ጊዜ ጥርና የካቲት፣ ከዚያ ነሐሴና መስከረም። ሁሉንም ማስገባት ግዴታ አይደለም፣ አቅሙ የቻለውን ያህል። የስንት ከብት እንደተጻፈለትና የየትኛው ወረዳ ግጦሽ እንደሚለካ ደረሰኙ ላይ ያስነብብ፣ ደረሰኙን ደግሞ እንዳይጥል።