የገዛኋቸው ሊንኮች ድረ ገጻችንን ጎድተውት ይሆን?

የአራት ኪሎው አስጎብኚ፦
ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ የአስጎብኚ ቢሮ አለኝ፤ ከብሔራዊ ሙዚየም ተነሥተን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በኩል እስከ ፒያሳ እንግዶችን በእግር እናስጎበኛለን። ባለፈው ዓመት ድረ ገጻችንን በአዲስ መልክ ካሠራን በኋላ፣ በጎግል ፍለጋ ከፊት እንድንወጣ የሚያደርግ የተባለ ባለሙያ አግኝተን «በአንድ ወር 1000 ሊንክ» (ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እኛ የሚመራ ማገናኛ) በሚል ውል ከፈልነው። ሥራው ሲያልቅ የሰጠኝን የኤክሴል ሰንጠረዥ ከፍቼ ጥቂቶቹን ስመለከት፣ አንደኛው የቁማር ገጽ ሆኖ አገኘሁት፤ ከግርጌው፣ በጫማ ሻጭና በክብደት መቀነሻ መድኃኒት ማስታወቂያ መካከል፣ «ርካሽ የአዲስ አበባ ጉብኝት» የሚል ጽሑፍ ወደ እኛ ይመራል። ያየኋቸው ሌሎቹም ያለ አንዲት ፊደል ልዩነት ይህንኑ ሐረግ የያዙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በኢሜይል የሚደርሰን የጉብኝት ጥያቄ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ሊንኮቹን ጎግል እንዳይቆጥራቸው በሚጠየቅበት በዲስአቫው መሣሪያ ላሰርዛቸው ወይስ ልተዋቸው?

ሰነድ አገላባጭ፦
በመጀመሪያ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀውን ሰርች ኮንሶል የተባለ መሣሪያ ከፍተው «ማኑዋል አክሽን» የሚለውን ክፍል ይመልከቱ። የጎግል ሠራተኛ አይቶ የጣለው ቅጣት ካለ እዚያ ተጽፎ ያገኙታል፤ ካለም ሊንኮቹን በተቻለ መጠን ማስነሣት፣ አልነሣ ያሉትን በዲስአቫው ፋይል ማስገባት፣ ከዚያም ጉዳይዎ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይኖርብዎታል። የተጻፈ ነገር ከሌለ ግን አይቸኩሉ። ፔንግዊን የተባለው የጎግል ፍለጋ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 ሲወጣ እንዲህ ያሉ ሊንኮች ድረ ገጹን ራሱን ቁልቁል ይገፉት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2016 ወዲህ ግን ሥርዓቱ በአብዛኛው ሊንኩን ከቁጥር ያወጣዋል እንጂ ገጹን አይቀጣም። ስለዚህ ገንዘብዎ ባክኖ ሊሆን ይችላል፤ ለእንግዶችዎ መቀነስ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ያሻል። እንክርዳዱን እነቅላለሁ ብለው ስንዴውን አብረው የነቀሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ስለ ሐረጉ ግን አንድ ነገር ልበል። ሰው በፈቃዱ ሊንክ ሲሰጥ አንዱ የቢሮዎን ስም ይጽፋል፣ ሌላው «እዚህ ይመልከቱ» ይላል፤ በእኛ ቋንቋማ አንዱ በሀሌታው «ሀ»፣ ሌላው በሐመሩ «ሐ» ይጽፋል። አንድ ሺህ ሰው አንድን ሐረግ ሳያዛንፍ ጻፈው ቢባል ማንም አያምንም።

ዌብ ሠሪ ከሜክሲኮ፦
እኔን ያሳሰበኝ «በአዲስ መልክ ካሠራን በኋላ» ያሉት ነው። የገጾቹ አድራሻ አብሮ ተቀይሯል? ተቀይሮ ከሆነ፣ በአሮጌው አድራሻ ሊንክ የሰጧችሁ ሰዎች ሁሉ እንግዳውን ወደ ባዶ ቤት እየላኩት ነው። አዲሱ አድራሻ በግዕዝ ፊደል ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ፤ አንድ ፊደል ተገልብጦ ሲለጠፍ የመቶኛ ምልክት ወደሚደጋገምበት 9 ምልክት ይለወጣልና «ላሊበላ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን 36 ትሆናለች። ሰው እንዲህ ያለውን አድራሻ በኢሜይል ሲልክ መሐል ላይ ተቆርጦ ሲቀር ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ለአድራሻው አጭር የላቲን ፊደል ይጠቀሙ፤ ጽሑፉ በአማርኛ መሆኑን የሚከለክል የለም።

የአራት ኪሎው አስጎብኚ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማኑዋል አክሽን የለብንም። ዋናው ጉድ የወጣው ከአድራሻው ነው፦ የሥላሴ ካቴድራል ገጻችን አድራሻ ተቀይሮ፣ አንድ የጉዞ ጸሐፊና ሁለት የእንግዳ ማረፊያዎች ከዓመታት በፊት የሰጡን ሊንክ «404» (ገጹ አልተገኘም) በሚለው ስሕተት ላይ ሲወድቅ ኖሯል። እንዲህ የሞቱ 14 አገኘሁ፤ ለአንዱም አልከፈልንም ነበር። አሁን ደግሞ አንድ ሆቴል «ሊንክ እንለዋወጥ፣ ካልሆነም በክፍያ እናስገባችሁ» ይለኛል። ልቀበል?

ሰነድ አገላባጭ፦
እንግዶችዎ እውነት እዚያ የሚያርፉ ከሆነ አንድ ልውውጥ ነውር የለበትም፤ ጎግል የሚከለክለው ልውውጡ ሥራ ሲሆንና ሲበዛ ነው። ክፍያ ካለ ግን ሊንኩ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው «ስፖንሰርድ» በሚለው ምልክት መገለጽ አለበት፤ ማስታወቂያ መሆኑ ከታወቀ ችግር የለውም፣ ደረጃዎን ከፍ ያደርጋል ብለው ግን አይጠብቁ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ገንዘቡን ትቼ ፒያሳን እጽፍ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ስንትና ስንት የጉዞ ገጽ በሌለ ሱቅና በሌለ መንገድ ላይ ቀረ! የዓድዋ ድል መታሰቢያም የተመረቀው በዚያው ዓመት ስለሆነ አሮጌዎቹ ገጾች አያውቁትም። የፈረሰውን፣ የቆመውንና አዲስ የተሠራውን መንገድ ለመንገድ የሚያሳይ አንድ ገጽ ያዘጋጁ፤ ከዚያም ለየጸሐፊው «በገጽዎ ላይ ይህ መስመር ጊዜው አልፎበታል» ብለው የተሳሳተውን ቦታ ጠቁመው ይጻፉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ አይበትኑ፤ ገጹን ሳያነቡ የጻፉ መሆንዎ ወዲያው ያስታውቃል።

ዌብ ሠሪ ከሜክሲኮ፦
14ቱን በ301 (አሮጌውን አድራሻ ለዘለቄታው ወደ አዲሱ በሚመራው ማዞሪያ) ሲያዞሩ ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ እንዳይልኳቸው አደራ። ጎግል እንዲህ ያለውን እንደጠፋ ገጽ ሊቆጥረው ይችላል። የሥላሴውን ወደ ሥላሴው፣ የሙዚየሙን ወደ ሙዚየሙ ያድርጉ፤ አቻ የሌለው ካለ አሮጌውን ጽሑፍ አውጥተው መልሰው ያስነሡት።